ማስመሰልና ማስመስከር

አንድ ሰው ካሜራ አስከትሎ፣ በአትክልት መካከል በተቀደደች ጠባብ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። ጸጉሩ የተንጨፈረረ፣ ወሬ የሚጣፍጠው ሰው ነው። መንገዷ የምታደርሰው አንዲት ያረጀች የዕቃ ማስቀመጫ ቤት ዘንድ ነው። የወላጆቹ ጎረቤት የሆኑ አሮጊት፣ ሟች ባለቤታቸው ጥለውት የሄዱት አሮጌ ፊልም እንዳለ ነግረውት ነው የመጣው። ሳጥኑ ይከፈታል። ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ውስጥ የተጠቀለለ ፊልም፣ በፊልሙ ላይ ደግሞ ዓለም የረሳው አንድ ሰው።

ሰውየው ኮሊን ማኬንዚ ይባላል። ፊልሙ እንደሚተርከው የኒውዚላንድ ገበሬ ልጅ ነው። ጥሬ ፊልም መግዣ ቢያጣ ከእንቁላል ማዘጋጀት ጀመረ፤ እንቁላሉን በገፍ ሰርቆም ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ከማንም ቀድሞ ድምፅ ያለው ፊልም ሠራ። ተዋናዮቹ የሚናገሩት ቻይንኛ ነበርና ተመልካቹ አንድም ቃል ሳይገባው ጥሎ ወጣ። ከፍሬ በጨመቀው ቀለምም ባለቀለም ፊልም ቀረጸ። ጫካ ገብቶ «ሰሎሜ» ለተባለው ፊልሙ አንድ ሙሉ ከተማ አነጸ። መጨረሻው ስፔን ላይ ሆነ፤ በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል ካሜራውን እንደያዘ ሞተ።

ከሁሉ የሚደንቀው የአውሮፕላኑ ነገር ነው። ማኬንዚ በቀረጸው ድንግዝግዝ ያለ ምስል ላይ ሪቻርድ ፒርስ የተባለ ገበሬ በገዛ እጁ በሠራው አውሮፕላን ከመሬት ሲነሳ ይታያል። መቼ ነው የተቀረጸው? በአካባቢው ከቆሙት አንዱ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ጋዜጣ አለ። ባለሙያዎቹ ጋዜጣውን በኮምፒውተር አጉልተው ቀኑን ያነባሉ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1903። የራይት ወንድማማቾች አሜሪካ ውስጥ የበረሩት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 17 ነው። እንግዲህ ታሪክ ሊታረም ነው!

የሚታረም ታሪክ ግን አልነበረም። ኮሊን ማኬንዚ የሚባል ዳይሬክተር ኖሮ አያውቅም። ካሜራውን እየመራ የሄደው ሰው ኒውዚላንዳዊው ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን ነው፤ ኋላ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የሠራው። ከኮስታ ቦትስ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ይህ ፊልም «ፎርጎተን ሲልቨር» ይባላል፤ «የተረሳው ብር» እንደማለት ነው። ብሩ ገንዘቡ አይደለም፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ምስሉን የሚይዘው ማዕድን ነው። በኒውዚላንድ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1995 እሑድ ምሽት፣ ለድራማ በተመደበ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ራሱ ፍንጭ ነበር ማለት ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሌናርድ ማልቲንና ተዋናዩ ሳም ኒል በገዛ ስማቸው ቀርበው ስለ ማኬንዚ ታላቅነት በቁም ነገር መስክረዋል። ፒርስ የሚባለው ገበሬም በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ ያን ቀን በርሯል የሚሉ ወገኖችም በአገሩ አሉ። በእውነት መካከል የተሰነቀረ ውሸት እንዲህ ነው የሚሠራው። ነገሩ ፈጠራ መሆኑ ሲነገር ብዙው ሰው ሳቀ፣ ብዙው ደግሞ ተቆጣ። ተታለልን ብለው ለጋዜጦች የጻፉ ነበሩ። እኔ የሚገርመኝ የተቆጡት ሰዎች ነገር ነው። አንድ ምሽት ሙሉ የወደዱትን ሰው በማግስቱ አጡት፤ ቁጣቸው ሐዘን ሳይሆን አይቀርም።

በልጅነቴ ነፋስ መውጫ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። ነፋስ መውጫ ስሟን የምታውቅ ከተማ ናት። ከደብረ ታቦር ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ጉናን አልፈው ሲመጡ ብርዱ የሚቀበልዎት እዚያ ነው። በቪዲዮ ቤቱ ጨለማ ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣ ጋቢ ለብሰን እናያለን። ፊልሙ የማንኛውም አገር ይሁን፣ ዋናው ሰው ስም የለውም፤ «አክተሩ» ነው። አክተሩ አይሞትም። ገበያ የመጡ አንድ አባት እንደ እኛ ገብተው ያዩ ነበርና፣ አንዱ ተዋናይ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ፣ «ልጄ፣ ይኼ እውነት ነው ወይስ አክት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አክት ነው አልኳቸው። «እንግዲያ ደሙ ከየት መጣ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም በደንብ የተመለሰልኝ አይመስለኝም።

የማስመሰል ዘጋቢ ፊልም የሚባለው ዘውግ የሚጫወተው በእኒያ አባት ጥያቄ ላይ ነው። ዘጋቢ ፊልም «ይህ ሆኗል» ብሎ የሚናገር ፊልም ነው። ይህን ለማሳመን ደግሞ በዘመን ብዛት የለመድናቸው ልብሶች አሉት፦ የተቧጨረ አሮጌ ምስል፣ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ከኋላው አስቀምጦ የሚናገር ሊቅ፣ እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ፣ ረጋ ያለ የተራኪ ድምፅ። የማስመሰሉ ፊልም ልብሱን ይዋስና በውስጡ የሌለ ሰው ያቆማል። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1957 በታወቀው የ«ፓኖራማ» ዝግጅት ላይ የስዊዘርላንድ ገበሬዎች ስፓጌቲ ከዛፍ ሲለቅሙ አሳይቷል። ችግኙን የት እንደሚያገኙ የጠየቁ ተመልካቾች ነበሩ። እንግሊዞች ያኔ ስፓጌቲ ብዙም አያውቁም ነበርና አይፈረድባቸውም። እኛም ብንሆን ጤፍ ከዛፍ ቢሉን ነው እንጂ፣ የማናውቀውን ፍሬ በካሜራ ቢያሳዩን ማን ይጠራጠራል?

ወደ አገራችን ፊልም ስመጣ አንድ ነገር ይገርመኛል። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው፣ ርእሱ ራሱ የተደበቀ ታሪክ ፍለጋ ነው፦ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ፊልማችን ሲወለድ ዘር እየጠየቀ ተወለደ።

ከጎንደር ምድር የወጡት ታላቁ ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ግን አባታቸው ማን እንደሆኑ የታወቀ ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የሚለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ ሰው ናቸው፤ ተውኔትም ይደርሱ፣ ተዋንያን አሰልፈው በየአገሩ እየዞሩም ያሳዩ ነበር። ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ሲኒማ ቤት ገብተው ታርዛንን ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላው አድብተው ሲመጡበት እንዲያመልጥ ይጮኹለት እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። አንድ የጎንደር ልጅ ለታርዛን ወግኖ መጮኹ ብቻውን አንድ ፊልም ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቲያትር ሊማሩ ወደ ቺካጎ፣ ከዚያም ፊልም ሊማሩ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ፤ ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የሚባል የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። ታዲያ የሕይወት ታሪካቸውን እንዲህ ደርድሮ የማስመሰል ፊልም የሚሠራ ሰው ምን ይጨምርበታል? እውነተኛው ታሪክ ለፈጠራ ቦታ አላስተረፈም።

እሳቸው የሄዱበት መንገድ ደግሞ የጃክሰን መንገድ ተገላቢጦሽ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘው ፊልማቸው ድርሰት ነው፤ ባላባት አለ፣ ጭሰኛ ቤተሰብ አለ፣ መሬቱን የተቀማና እንደ እብድ የሚታይ ከበበ የሚባል የቀድሞ ዘማች አለ። ግን በጥቁርና ነጭ፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች፣ ለትምህርት ዕረፍት በመጡበት ጥቂት ሳምንት ውስጥ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የሚወርዱበት ዓመት። ካሜራው በእርሻው ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ገበሬው ያርሳል፣ ልጅቷ ከብት ትጠብቃለች፣ ባላባቱ ተቀምጦ ይቆጣል። ፊልሙ 150 ደቂቃ ይወስዳል። ትዕግሥት የሌለው ይተኛል፤ እኔም አንዴ ተኝቼበታለሁ። ድርሰት ሆኖ ተነስቶ፣ ያ ሥርዓት ከፈረሰ በኋላ መረጃ ሆኖ ቀረ። ዛሬ የዚያን ዘመን የገበሬ ኑሮ ማየት የፈለገ ሰው ከብዙ ዜና ይልቅ እሱን ቢያይ ይሻለዋል።

ኃይሌ ከደርግ ውድቀት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ለቢቢሲ «ኢምፐርፌክት ጆርኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠርተዋል፤ ያልተሟላ ጉዞ እንደማለት ነው። አብሯቸው የተጓዘው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያወጣው መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ተነቧል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገሩት የቀድሞ አሽከሮችና ሹማምንት ናቸው፤ ስማቸው ግን የለም፣ በፊደል ብቻ ይጠራሉ። ሉሉ የምትባለው የንጉሡ ውሻ የሹማምንቱን ጫማ ስትሸናበት፣ ሽንቱን እየጠረገ ዐሥር ዓመት የኖረ አሽከር አለ ይላል። ንጉሡ መጽሐፍ አያነቡም ነበርም ይላል። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የጻፉትን ንጉሥ!

ይህን መጽሐፍ ኢትዮጵያውያንም፣ አገሩን የሚያውቁ የውጭ ምሁራንም ክፉኛ ተችተውታል። የእኛ ቤተ መንግሥት ሰው እንዲህ አይናገርም፤ ማዕረጉና አነጋገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የራሱ አገር ሰው አርቱር ዶሞስዋቭስኪ ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ላይ በእውነትና በፈጠራ መካከል ስለነበረው ልቅ ድንበር በሰፊው ጽፏል። ይሁንና ፖላንዶች መጽሐፉን ሲያነቡት አዲስ አበባን አላዩበትም፤ ያዩበት የራሳቸውን መሪ ጊሬክን ነበር። ሰሙ አዲስ አበባ፣ ወርቁ ዋርሶ። ለእነሱ ቅኔ ነበር፤ ችግሩ ሰሙ የተሠራው ከእኛ ሥጋ መሆኑ ነው። ጃክሰን ሲቀልድ የሌለ ሰው ፈጠረ፣ ከዚያም ፈጠራ ነው አለ። ካፑሺንስኪ የነበሩ ሰው ላይ ፈጠረ፣ እውነት ነው እያለም ኖረ። እኔ ይህን አላልፈውም።

አሁን ነፋስ መውጫ ወዳለችበት ወደ ጋይንት እንመለስ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ያለው እዚያ ነው።

ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ። ከነፋስ መውጫ በታች ታች ጋይንት፣ ከዚያ ወዲያ ወገዳና መካነ ኢየሱስ። በዚህ አገር «ምስክር» ማለት ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ብቻ አይደለም። ድጓ የተማረ የቆሎ ተማሪ፣ በየትኛውም አገር ይማር፣ በየትኛውም መምህር እግር ሥር ዓመታት ይቀመጥ፣ መምህር መሆን ካሻው ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ያስመሰክራል ነው ቃሉ። ዜማውን በምልክቱ፣ ምልክቱን በዜማው እያደረገ፣ የዓመቱን ሁሉ በቤተልሔም መምህር ፊት ይወጣዋል። ካልተወጣው «ሌላ ቦታ ተምሬያለሁ» ማለት አያድነውም። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ አቋቋም ጎንደር በዓታ፣ ድጓ ቤተልሔም፤ ለእያንዳንዱ የሚመሰክርለት ቤት አለው። ማስመሰልና ማስመስከር በአማርኛ በጥቂት ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ ቤተልሔም ላይ ግን በመካከላቸው የዓመታት ደጅ ጥናት አለ።

ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ተመልካችን ትፈትናለች። ከሩቅ ሲያዩአት እንደ ብዙዎቹ የአገሬው አድባራት ክብ የሣር ክዳን ናት። እ.ኤ.አ. በ1955 ከኦክስፎርድ የወጣ ቶማስ ፓከነም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ጋይንት ደርሶ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ በክቡ ጎጆ ሆድ ውስጥ በአክሱም አሠራር፣ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ አገኘ። አንዱ ሕንፃ ሌላውን ለብሶት ኖሯል። «የራሴላስ ተራሮች» በተሰኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣው መጽሐፉ ተርኮታል። ፈረንጆቹ «አገኘ» ይላሉ፤ ለማን ጠፍቶ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። በየጠዋቱ የሚቀደስበት ቤት ነው።

ከፓከነም መቶ ዓመት ቀድሞ ግን ሌላ ፈረንጅ እዚህ ኖሯል። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ይባላል፤ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ነው። ከሚስዮናዊው ከማሳያ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፣ ቤጌምድር ተቀመጠ፣ ግእዝ ተማረ፤ ተማረ ብቻ ሳይሆን ዘለቀበት። ፓሪስ ለነበረው ምሁር ለአንቷን ዳባዲ የብራና መጻሕፍት ይፈልግለት ነበርና ከቤተልሔም ደብዳቤ ይጽፍለታል። በዚህ መካከል አንድ ብርቅ መጽሐፍ ከአንድ ወታደር እጅ አገኘሁ አለ። ቀድሞ በገዛ እጁ የገለበጠውን ላከ፣ ኋላም ሌላ ቅጂ ተከተለ። የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ወደ ዓለም የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

መጽሐፉን የሚያውቅ ያውቀዋል። አክሱም አካባቢ የተወለደ፣ ወርቄ የሚባል የዓለም ስም ያለው ሊቅ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከከሳሾቹ ሸሽቶ ዋሻ ይገባል። ሁለት ዓመት ብቻውን ያስባል። የካቶሊኩም የአገሬውም ሃይማኖት ሰው እውነቱ የእኔ ነው ሲል ዳኛው ማነው? ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ እንፍራንዝ ወርዶ በሀብታም ቤት እየጻፈ ያረጃል። ልጅ እግር ፈላስፋ ሁሉ የሚመኘው ዓይነት ሕይወት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሳና፣ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው አለ። ከማስረጃዎቹ አንዱ የጁስቶ የክርስትና ስም ያኮፖ መሆኑ ነው፤ ያዕቆብ ማለት ነው። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ተከተለው። ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ዓመታት ደክሞ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊቷ አናይስ ዊዮን የኮንቲ ሮሲኒን ክስ አድሳ አመጣችው። የግእዙ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ቀድሞ ይጠራጠሩ ነበር፤ በዕድሜያቸው ማምሻ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው የኢትዮጵያዊ እጅ አለበት አሉ። ሐሳቡን የሚለውጥ ሊቅ አከብራለሁ።

ኮንቲ ሮሲኒ ትክክል ከሆነ፣ ጋይንት የዓለም ትልቁ የማስመሰል ሥራ የተሠራበት አገር ነው። ነገሩን ከጃክሰን ፊልም ጋር አስተያዩት፦ እዚያ የአሮጊቷ ሳጥን፣ እዚህ የወታደሩ ብራና፤ እዚያ በኪስ ያለ ጋዜጣ ቀን ይነግረናል፣ እዚህ የሱስንዮስ ዘመን። ትክክል ካልሆነ ደግሞ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ አሳቢ በገዛ አገሩ የፈረንጅ ምስክር እያጣቀሱ ሕልውናውን የሚጠይቁት ሰው ሆኗል። ለእኔ ከሁለቱ የሚከብደው ይህ ሁለተኛው ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ቢያንስ ራሱ ቆሞ ይዘምራል።

ጁስቶ በአፄ ቴዎድሮስ መነሻ፣ አቡነ ሰላማ ካቶሊኮችን ሲያስወጡ፣ አገሩን ለቆ ወጣና እ.ኤ.አ. በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ክሱ ሲነሳ ከሞተ 64 ዓመት አልፎታል። የላካቸው ሁለቱ ቅጂዎች ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና በቁጥር 234 ተመዝግበው ይገኛሉ።

አሁን ነፋስ መውጫም፣ ወገዳም፣ መካነ ኢየሱስም በስልካቸው ፊልም የሚቀርጹ ወጣቶች አሉ። ቪዲዮ ቤቱ ወደ ኪስ ገብቷል። ከእነሱ አንዱ የማስመሰል ዘጋቢ ፊልም ልሥራ ቢል ሳጥን ፍለጋ ኒውዚላንድ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ታሪኩ ቤተልሔም ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። መነኩሴው አለ፣ ብራናው አለ፣ ክቡ ጎጆና በውስጡ የተሰወረው ሕንፃ አለ። ለሚሠራው ሰው አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ወታደሩን አትርሱት። መጽሐፉን ሸጠ የተባለው ሰው በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ስም የለውም። ስም ካወጣችሁለት ግን፣ ስሙን ያወጣችሁት እናንተ መሆናችሁን በፊልሙ መጨረሻ ላይ ጻፉልን።